ያልተከፈተው ክንፍ

የካቲት 10 ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ የመባ እንግዳው ልብ እንዲህ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና የገባላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሁለቱም ክንፎቹ እስከ መጨረሻው ይከፈቱና ይዘጉ ነበር። ደም በቫልቩ ሲያልፍ የሚለካው አማካይ ግፊት አራት ነበር፤ ሐኪሞች እስከ አምስት ድረስ ደህና ይሉታል። አይኤንአር የሚባለው የደም መቅጠን ልኬት ሁለት ነጥብ ስምንት ነበር፤ ከሁለት ተኩል መውረድ የለበትም። ልቧ በደቂቃ ሰባ ሁለት ጊዜ ትመታ ነበር። በምታስተምርበት የወረታ ትምህርት ቤት ወደ አምስተኛ ክፍል የሚያወጡትን ሃያ ሁለት ደረጃዎች ሳታርፍ ትወጣቸው ነበር።

አባቷ መሪጌታ እንግዳው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የልጃቸውን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ክኒኗን ስትውጥ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ብዕር ትንሽ መስቀል ያኖራሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ መስቀል የጎደለበት ቀን አልነበረም።

መሪጌታ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ባምላክ አንለይ።

ባምላክ የሩዝ መፈልፈያው መካኒክ ነው። አባቱ አንለይ ይፋግ ገበያ ላይ ማረሻና ማጭድ ይሸጣሉ፤ የሚሸጡትንም ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ። ፎገራ ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ምን እንደሚባል ለማንም መንገር አያስፈልግም። ማረሻውን ሰው ሁሉ ይገዛል፤ ማዕዱን ግን ማንም አይቀርብም፤ ዓይኑንም ይፈሩታል።

የተገናኙት ባለፈው ኅዳር ነው። መባ ሩዝ ልታስፈትግ ሄዳ መብራት ጠፋ፤ ሞተሩ ሲቆም መፈልፈያው ጸጥ አለ። ባምላክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለና፣ «እታለም፣ ሰዓትሽን አሳዪው። ትቸኩላለች። በደቂቃ አሥራ ሁለት ትቀድማለች» አላት።

«ሰዓት አላሰርሁም» አለችው።

እጇን አየ። አንገቷን አየ። ከዚያ ያ የብረት ምት ከደረቷ እንደሚመጣ ገባው፤ ሳይሸሽም ሳያዝንም፣ «ማን ነው የሠራት? ጥሩ እጅ ነው» አለ። መባ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በሂክማ ሱቅ ጓዳ ይገናኙ ጀመር። ሂክማ የመባ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ስኳርና ጨርቅ ትሸጣለች። ባምላክ በስኳር ጆንያዎቹ መካከል ከመባ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍንና የልቧን ምት ይቆጥራል።

«ሌላው ሰው ፍቅረኛውን ዓይን ዓይኗን ያያል» ትላለች ሂክማ ከመደርደሪያው ወዲያ። «ይኸኛው እንደ ገበያ ሚዛን ይመረምርሻል።»

ጾሙ ሲገባ ባምላክ ስጦታ አሰበ። ከመፈልፈያው ጀርባ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ በሚፈስበት መሬት ላይ፣ ጎመን ተክሎ ነበር። በሳምንት ሦስት እስር ለሂክማ ያቀብላል፤ ሂክማ ደግሞ ከጓሮዬ ነው እያለች ለመባ ትሰጣለች። መሪጌታ በየማታው ማዕዱን ባርከው ይቆርሱና፣ «የዘንድሮ ጎመን ጣዕሙ ልዩ ነው። ሂክማን አመስግኚልኝ» ይላሉ። መባ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ያ ጎመን ለእሷ የሚነበብ ደብዳቤ ነበር፤ ቅጠሉን ሁሉ ትጨርሰው ነበር።

የመጋቢት የሐኪም ቀጠሮዋ አለፈ። ያን ሳምንት ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር።

*

መጋቢት 20 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ባምላክ ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ። ሲጨርስ ዓይኑን አልገለጠም። እንደገና ጀመረ።

«ዛሬስ ስንት ነኝ?» አለችው።

«ቆይ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አያት። መባ ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ሲገለጥ ሳቅ ይቀድመው ነበር። አሁን ሳቅ አልነበረበትም። ባምላክ ከተቀመጠበት ጆንያ ተነሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምነው?»

«ምንም። ሥራ አለብኝ። ደምቢያ አዲስ ወፍጮ እንድተክል ልከውኛል፤ ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

«ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል ብዬ ስለ ነገርሁህ ነው?»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«አሁን ነገርሁህ።»

ባምላክ መጋረጃውን ገለጠ። «ዕረፊ» አለና ወጣ። የጓዳው መጋረጃ ከኋላው ሲወዛወዝ ቆየ።

መባ መጋረጃው እስኪቆም ድረስ ተመለከተችው። የታመመች ሴት ማን ይፈልጋል ብላ አሰበች። አምስት ወር ሙሉ ያላሰበችው ሐሳብ ነበር፤ ሲመጣ ግን ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ገባ።

*

በማግስቱ የመባና የባምላክ ወሬ መሪጌታ ዘንድ ደረሰ። ማን እንዳደረሰው አልታወቀም። መሪጌታ ልጃቸውን አስቀመጧት፤ አልጮሁም። ድምፃቸው ማኅሌት ላይ እንኳ ከፍ የሚል ሰው አይደሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደክምሽ?»

«ከመጋቢት መግቢያ፣ አባባ።»

«ከዚያ ልጅ ጋር የምትቀመጭውስ?»

«ከኅዳር።»

«ክኒንሽን ሳታዛንፊ ውጠሻል። መስቀሉን አኑሬያለሁ።» ወደ ቀን መቁጠሪያው ጠቆሙ። «መድኃኒቱ አልጎደለም። ታዲያ የተጨመረው ምንድን ነው? ያ ዓይን ነው።»

«እንዲህ አይበሉ።»

«ነገ ጠበል ትጀምሪያለሽ። ክኒኑንም አታቋርጪም። ያን ልጅ ግን አታዪውም።»

መባ አልተከራከረችም። የሚያያት ሰው እንደሌለ እያወቀች ስለማን ትከራከር?

ሰኞ ሂክማ መጥታ የታሸገ ፖስታ ለመሪጌታ ሰጠች። በላዩ ላይ «ለመሪጌታ እንግዳው ብቻ» ተብሎ ተጽፏል።

«ከማን ነው?»

«ከባምላክ ነው፣ የኔታ። ቅዳሜ ማታ ሱቄ መጥቶ ተማጥኖኛል። በእጃቸው ስጭ አለኝ፤ ለመባ እንዳልነግር አስምሎኛል።»

መሪጌታ ፖስታውን አገላብጠው አዩት። ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ ወይም ሊማጸን ነው ብለው ገመቱ። ሳይከፍቱ በዳዊታቸው መካከል አስገቡት። ደብዳቤው እዚያ አሥራ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ በየንጋቱ ዳዊት ሲደግሙ ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻግሩት ነበር።

በነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት መባ ከሃያ ሁለቱ ደረጃ መጀመሪያ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ኋላም ዘጠነኛው ላይ ማረፍ ጀመረች። በአንድ ትራስ የምትተኛው በሦስት ሆነ። ማታ ማታ ሁሉ ጎመኗን በላች። ሂክማ የሳምንቱ እስር እንዳይቋረጥ የመፈልፈያውን ዘበኛ እየለመነች ታስቆርጥ ነበር፤ ባምላክ ሳይሄድ አደራ ብሏታል። መባ ይህን አላወቀችም። ባለቤቱ ቢተወኝም ተክሉ አልተወኝም ብላ ነበር የምትበላው።

*

ሚያዝያ 5፣ የሆሳዕና ዕለት፣ መባ የዘንባባ ቀለበት በጣቷ አድርጋ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራፉ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መሪጌታ ተሸክመው አስገቧት፤ ወዲያው ሊጸልዩላት ዳዊታቸውን ሲገልጡ ፖስታው ከእግራቸው ሥር ወደቀ።

ለምን በዚያች ሰዓት እንደከፈቱት ኋላም ሊያስረዱ አልቻሉም።

«ለክቡር መሪጌታ እንግዳው። ማን እንደሆንሁ ያውቃሉ። የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም። ሥራዬ ሞተር ማዳመጥ ነው፤ ሞተር ከመቆሙ በፊት ድምፁ ይለወጣል። የመባን ልብ በየቅዳሜው ቆጥሬ ጽፌያለሁ። መጋቢት 6፣ ሰባ አራት፣ ድምፁ ጥርት ያለ። መጋቢት 13፣ ሰማንያ ሁለት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። መጋቢት 20፣ ዘጠና ስድስት፣ ድምፁ የታፈነ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ብረት ከብረት ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ አይደለም፤ በመካከሉ ለስላሳ ነገር የገባ ይመስላል። ለእርሷ ያልነገርኋት ድንጋጤው እንዳይጎዳት ፈርቼ ነው። መድኃኒቷም መንገዷም በእርስዎ እጅ ነው፤ ስለዚህ ለእርስዎ ጻፍሁ። መንገዱ በተከፈተ ቀን ባሕር ዳር ወስደው በምስል ያሳዩዋት። ተሳስቼ ቢሆን የሚያጡት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልክ ሆኜ ዝም ካሉ ግን ምን እንደሚያጡ እርስዎ ያውቃሉ። ይህን ካደረጉልኝ ዳግመኛ ልጅዎን አላይም። ለዚህም ፊርማዬን አኑሬያለሁ። ባምላክ አንለይ።»

መሪጌታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀኑን አዩ፤ መጋቢት 20። በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ደብዳቤውን ለልጃቸው ሰጧትና መኪና ሊፈልጉ ወጡ።

መባ ተኝታ አነበበችው። ያን ቀን ከጆንያው ተነሥቶ ወደ ኋላ ያለው ሰው የሸሸው ከእሷ እንዳልነበር አሁን አወቀች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ ለማበስ እጇን ማንሣት ግን አቃታት።

*

የሂክማ ወንድም ጀላል በሚኒባሱ ወደ ባሕር ዳር ወሰዳቸው። መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲት ከተማ እንኳ አልቆመም።

ዶክተር ሠርካለም የልብ ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ንግግሯ የተመጠነ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ መባን በደረቷ በኩል አልትራሳውንድ አነሣቻት። አማካይ ግፊቱ አሥራ ሰባት ነበር። «ቫልቩ ጠቧል» አለች። «ግን የራሱ ጥላ ክንፎቹን ይጋርድብኛል። ቀጥሎ በኤክስሬይ ሲንቀሳቀሱ አያቸዋለሁ።»

መሪጌታ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው አዩ። በግራጫው ምስል ውስጥ የልጃቸው የጎድን አጥንቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው አንድ ቀለበት፣ በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ብዕር ጭረት የቀጠኑ ሁለት መስመሮች። የግራው መስመር ይነሣል ይተኛል። የቀኙ ተኝቷል። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ቆጠሩ። በሃያ ምት ውስጥ የቀኙ ክንፍ አንድ ጊዜም አልተነሣም።

በመጨረሻ በጉሮሮዋ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ከልቧ ጀርባ ሆነው አነሡት። ክንፉ ሥር የረጋ ደም ነበር፤ ርዝመቱ ስምንት ሚሊሜትር።

ዶክተር ሠርካለም አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አይኤንአርሽ አንድ ነጥብ ሦስት ነው። ክኒን አቋርጠሽ ነበር?»

መሪጌታ ከቀሚሳቸው ውስጥ የታጠፈ የቀን መቁጠሪያ አወጡ። ከግድግዳው ነቅለው ነበር የመጡት። «አንድም ቀን» አሉ። ዶክተሯ ቀያይ መስቀሎቹን አንድ በአንድ አየች።

«ዶክተር» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሰው ዓይን ይህን ያደርጋል?»

«የኔታ፣ እኔ ያገኘሁት የረጋ ደም ነው። ደም ደግሞ ያለ ምክንያት አይረጋም።» ወደ መባ ዞረች። «ከየካቲት ወዲህ የተለወጠ ነገር ንገሪኝ። ምን ትበያለሽ?»

«የጾም ምግብ ነው። ጎመን።»

«በሳምንት ስንቴ?»

«በየቀኑ። አንዳንዴ ሁለቴ።»

«ከጾሙ በፊትስ?»

«እምብዛም።»

ዶክተር ሠርካለም ብዕሯን አስቀመጠች። «ደም የሚያቀጥነውን ክኒን የሚያፈርሰው ጎመን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጎመን ክልክል አይደለም፤ ልኩ ድንገት መለወጡ ነው የጎዳሽ። ክኒኑን አንቺ ትውጫለሽ፤ ጎመኑ ይሽረዋል።»

«ከጓደኛዋ ከሂክማ ጓሮ የመጣ ነው» አሉ መሪጌታ። «ንጹሕ ነበር። በምን ታውቃለች እሷስ?»

በዚያ ጊዜ ባምላክ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከደምቢያ ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ ቀጥታ መጥቷል፤ እጁ ላይ የሞተር ዘይት እንኳ አልለቀቀም። መባ አየችው። ካየችው ዐሥራ ስድስት ቀን ሆኗት ነበር። ከግንባሩ እስከ ጫማው አየችው፤ እሱ ግን የሚያየው በሩ ሥር ያለውን ወለል ነበር።

ዝም ማለት ትችል ነበር። አባቷ የቀጥቃጭ ልጅ የተከለውን ባርከው አርባ ዘጠኝ ቀን እንደቆረሱ ሳያውቁ ሊኖሩ ይችሉ ነበር።

«ሂክማ ጓሮ የላትም፣ አባባ» አለች። በየሁለት ቃሉ ትተነፍሳለች። «ሱቅ ብቻ ነው ያላት። ጎመኑን የተከለው ባምላክ ነው።»

መሪጌታ ዞሩ። ባምላክ ቀና አለ።

«ዓይኔ አይደለም፣ የኔታ» አለ። «እጄ ነው።»

 

*

ዶክተር ሠርካለም ምርጫውን አስረዳች። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ነው፤ መባ እስከዚያ መድረሷ ያጠራጥራል። ሌላው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ሃያ አራት ሰዓት መስጠት ነው። ብዙዎቹ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን የረጋው ተቆርሶ ወደ አንጎል ይሄድባቸዋል።

«የሚወስነው ማን ነው?» አለች መባ።

«አንቺ።»

«ስጡኝ፤ ልፈርም።» ብዕሩን ይዛ ባምላክን ጠራችው። «ና ወዲህ። ጠጋ በል፤ መጮህ አልችልም።»

ተጠጋ።

«ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ዳግመኛ አላያትም ብለህ ፈርመሃል።»

«አዎ።»

«ስለ እኔ ስትፈርም እኔን ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ሞተር መስዬሃለሁ?»

«አንቺ...» አለ። «እኔ ነኝ ያሳመምሁሽ፣ መባ።»

«ያሳመመኝ ጎመን ነው። የሰማኸኝ አንተ ነህ። ማንም ሳይሰማኝ አንተ ሰምተኸኛል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ነገ በዚህ ሰዓት ከተረፍሁ ያን ፊርማ ትሰርዘዋለህ። ካልተረፍሁ ለአባባ እንደ ልጅ ትሆናቸዋለህ። ሁለቱንም እሺ በል።»

«እሺ» አለ ባምላክ። «እሺ።»

ፈረመች። ፊደሎቿ የተማሪ ደብተር ላይ እንደምትጽፋቸው ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ኮሪደሩ ላይ መሪጌታና ባምላክ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። 

«ያን ጎመን በየማታው ባርኬ የቆረስሁላት እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ። «ደብዳቤህንም አሥራ ሦስት ቀን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ያንተ እጅ ከበደለ የኔም በድሏል። ልዩነቱ፣ አንተ ሳታውቅ ነው። እኔ ግን ከማን እንደሆነ ሰምቼ ነው ፖስታውን ያልከፈትሁት።»



መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሡ፤ ግን አልዘረጉትም፤ መልሰው አስቀመጡት። «ዛሬ የሕማማት ሰኞ ነው፤ እጅ አይጨበጥም። እስከ ፋሲካ ትቆየኛለህ?»

ባምላክ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ካህን እጁን ጨብጦት አያውቅም፤ ምክንያቱን የነገረውም አልነበረም። አሁን ምክንያት ተነገረው፤ ለምክንያቱም ማብቂያ ቀን ተቆረጠለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስድስት ቀን ነው፣ የኔታ» አለ። «እቆያለሁ።»

*

መድኃኒቱ በጠብታ ገባ። በየሰዓቱ ነርሷ፣ «ስምሽ ማን ነው? ፈገግ በይ። ሁለቱንም እጅሽን አንሺ» ትላታለች። በየሰዓቱ ሁለቱ ወንዶች ከበሩ ላይ ሆነው ሁለቱ እጆች እኩል ከፍ ማለታቸውን ያያሉ። በስድስተኛው ሰዓት ግራ እጇ ዘገየ። ባምላክ የበሩን ጉበን ያዘ።

«እንቅልፍ ነው» አለች መባ። «ወደዚህ አትዩ እንዲህ፤ የሚፈተን ተማሪ አስመሰላችሁኝ።» ግራ እጇ ከቀኟ እኩል ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ በሃያኛው ሰዓት፣ ነርሷ ባምላክን ለጥቂት ደቂቃ አስገባችው። ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። መባ ከንፈሩ ሲቆጥር አየች። ጨረሰ፤ እንደገና ጀመረ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። መባ ያን ሦስተኛ ቆጠራ ታስታውሳለች፤ ትንፋሿን ያዘች።

ዓይኑ ተገለጠ። ሳቁ ቀድሞት ነበር።

«ትቸኩላለች» አለ።

*

ፋሲካ ማለዳ መሪጌታ ነጭ ለብሰው ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ባምላክ ከአግዳሚው ሲነሣ እጁን በሱሪው ጠረገ። መሪጌታ እስኪጨርስ አልጠበቁም። የማይለቀው የዘይት እድፍ እያለበት ጨበጡት፤ ከዚያ ትከሻውን ስበው ሦስት ጊዜ ሳሙት። መባ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ አየች። የዘንባባው ቀለበት አሁንም በጣቷ ነበር፤ ደርቋል፤ አልተሰበረም።

ሚያዝያ 13 ቀን በተነሣው ምስል የግራው ክንፍ ሰማንያ አምስት ዲግሪ፣ የቀኙ ሰማንያ አራት ዲግሪ፣ እንደ ቀድሞው እስከ መጨረሻው፣ ተከፈቱ። አማካይ ግፊቱ አራት ነጥብ ሁለት፣ አይኤንአሩ ሦስት ነበር። ግንቦት 4 ቀን፣ ሰኞ፣ መባ ሃያ ሁለቱን ደረጃ በሠላሳ አራት ሰከንድ ወጣች። በመካከል አላረፈችም።